ጽንፈኝነት

«ጽንፍ» ዳር፣ ጠርዝ ማለት ነው። ጽንፈኝነት የራስን አቋም ብቸኛ እውነት አድርጎ ሌላውን ከሰው ተራ ማውጣት ነው፤ ሲብስም ግድያን ይፈቅዳል። ከአጥባቂነት ይለያል፤ አጥባቂ ሰው ሃይማኖቱን ጠብቆ ከጎረቤቱ ጋር በሰላም ይኖራል።

የሥነ ልቦና ምሁሩ አሪ ክሩግላንስኪ ሰውን ወደ ጽንፍ የሚገፉትን ሦስት ነገሮች ይዘረዝራሉ፦ ክብር የማግኘት ጥማት፣ ኃይልን የክብር መንገድ አድርጎ የሚያሳይ ትርክት፣ ትርክቱን የሚያጸድቅ የጓደኛ ክበብ። ውርደት የተሰማው ወጣት ለጽንፈኛ ቡድን መልማዮች በቀላሉ የሚሸነፈውም ለዚህ ነው።

በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ ፖሊስና ማዘጋጃ ቤቱ ተባብረው ወደ ሶርያ ጦርነት ሄደው ለተመለሱና ወንጀል ላልተገኘባቸው ወጣቶች አማካሪ መደቡ፤ ወደ ትምህርትና ሥራ እንዲመለሱም አገዟቸው። እኛም ልጆቻችንን ቀድመን እንስማቸው፤ ክብራቸውን እንጠብቅላቸው።