የሌሊት ተረኛው ሸክላ ማጫወቻ
ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2፣ ጃፓን። ሞዴሉ ለገበያ የወጣው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው።

በአሜሪካ የኮሌጅ ሬዲዮ ጣቢያዎች ጀማሪ ዲጄ የሚመደበው ሌላው ተማሪ በማይፈልገው ሰዓት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥራ ሁለት። በ1948 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ተቋማት የተፈቀደው አነስተኛ የኤፍ ኤም ማሰራጫ ጉልበቱ 10 ዋት ብቻ ነበር፤ የዚያ ዘመን የመኝታ ቤት አምፖል እንኳ ይበልጠው ነበር።

ማጫወቻውን ያበረከቱልን የቀድሞ ዲጄ የመጀመሪያ ሌሊታቸውን አይረሱም። ዘፈኑ አልቆ ሸክላው ከመርፌው ሥር ባዶውን ሲዞር እሳቸው ኮሪደር ላይ ቡና ይቀዱ ነበር። ዝምታውን ያስተዋለ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ደውሎ ደህና መሆናቸውን ጠየቀ። ከማፈር ይልቅ፣ የሚሰማቸው ሰው በመኖሩ ተደሰቱ።

ከዚያ በኋላ ዘዴውን ለመዱ፦ መርፌውን ዘፈኑ መነሻ ላይ ማሳረፍ፣ ሸክላውን ሩብ ዙር ወደ ኋላ መልሶ በእጅ መያዝ፣ ንግግራቸው ሲያልቅ መልቀቅ። ሞተሩ ያለ ቀበቶ ሳህኑን በቀጥታ ስለሚያዞር በ0.7 ሰከንድ ሙሉ ፍጥነት ይደርሳል። ከመርፌው ሥር ወደ ኋላ ሲመለስ ግን ሸክላው ይጎዳል፤ የጣቢያ ሸክላዎች መጀመሪያቸው ላይ የሚንሾካሾኩት ለዚህ ነው።

ሳህኑን በጣትዎ ማዞር ይችላሉ። መርፌውን እባክዎ አይንኩ።