ነፍጥ ሲያስገብር፣ ነፍጥ ሲገብር

በቋንቋችን ውስጥ ከአንድ የታሪክ መጽሐፍ የማይተናነስ ታሪክ የተሸከሙ ቃላት አሉ። «ግብር» አንዱ ነው። ግብር ገበሬው ለመንግሥት የሚከፍለው ነው፤ ግብር ደግሞ በቤተ መንግሥት አዳራሽ መኳንንቱና ሠራዊቱ ሥጋ እየቆረጡ፣ ጠጅ እየጠጡ የሚስተናገዱበት ድግስ ነው። አንድ ቃል በአንድ ጫፉ የሚከፍል፣ በሌላው ጫፉ የሚበላ ሰው ይዟል። ሌላው ቃል «ነፍጥ» ነው። ነፍጥ ጠመንጃ ነው፤ ባለ ጠመንጃውም ነፍጠኛ ተባለ። ዛሬ ይህ ቃል የአንድ ሕዝብ መሰደቢያ ሆኖ ሲወረወር እንሰማለን፤ እኔ እዚህ የማነሣው ግን በቀድሞ ፍቺው፣ ነፍጥ አንጋች የመንግሥት ወታደር ማለት በነበረበት ነው።

እነዚህን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን እንዳስቀምጥ ያደረገኝ ከባሕር ማዶ የሚሰማ ክርክር ነው። በአሜሪካ በጠመንጃና በጥይት ላይ ልዩ ቀረጥ ይጣል ወይስ አይጣል እያሉ ይሟገታሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1919 የ10 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ተጣለ፤ በ1934 ደግሞ የወንበዴዎችን መትረየስ ከገበያ ለማራቅ በእያንዳንዱ ላይ 200 ዶላር ተቆረጠ። በ1937 ከአደን ጠመንጃና ከጥይት የሚገኘው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ተወሰነ። ካሊፎርኒያ በሐምሌ 2024 ተጨማሪ 11 በመቶ ጥላ ገቢውን ለአመፅ መከላከያና ለትምህርት ቤቶች ደኅንነት መደበች። በአንጻሩ የፌዴራሉ መንግሥት የድምፅ ማፈኛንና የአጭር አፈሙዝ ጠመንጃን የ200 ዶላር ቀረጥ ከጥር 2026 ጀምሮ ወደ ዜሮ አወረደው፤ የመትረየሱ ግን ባለበት ቀረ።

ደጋፊዎቹ «ጠመንጃ የሚያደርሰውን ጉዳት ዋጋ ባለ ጠመንጃው ይክፈል» ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ «መሣሪያ መያዝ መብት ነው፤ መብት አይቀረጥም፤ ቀረጡ የሚጎዳው ራሱን የሚጠብቅበት የሌለውን ድሃ ነው» ይላሉ። ክርክሩን ስከታተል ሐሳቤ ወደ ወላይታ ይሄድብኛል። በዚያ ምድር ነፍጥ ቀረጥ የሚጣልበት ዕቃ አልነበረም፤ ራሱ ቀረጥ ጣይ ነበር።

ነፍጡ ወደ ወላይታ ከመድረሱ በፊት ግን ረጅም መንገድ ተጉዟል። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የምናውቀው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ግጥም መጻፉን ከተወ ከዓመታት በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ ወጣ። ገዢው በወቅቱ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ነበሩ። ራምቦ ከጠበቀው በታች ተከፈለው፤ ገንዘቡንም ሐረር ሄዶ ከራስ መኰንን እንዲቀበል ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከኢጣልያ የተገኘው የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር መያዣው የሐረር ጉምሩክ ነበር፤ ከዚያም ገንዘብ መሣሪያ ተገዛ። እንግዲህ ነፍጡ ገና ሳይተኮስ የነጋዴው ቀረጥ ተያይዞበት ነበር ማለት ነው።

በ1887 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አጼ ምኒልክ በወላይታ ላይ ዘመቱ። ካዎ ጦና አልገብርም ብለው ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው አባ ጅፋር ተሰልፈዋል። አባ ጅፋር ቀደም ብለው በመገበራቸው የውስጥ አስተዳደራቸው ተጠብቆላቸው ነበር፤ እምቢ ያሉት ጦና ግን በጦርና በጋሻ ነፍጥን ገጠሙ። ዘመቻውን በዓይኑ ያየው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም የእልቂቱን ብዛትና የምርኮውን መከራ በመጽሐፍ ጽፎ ትቶልናል። ጦና ቆስለው ተማረኩ። ከዓመት ከመንፈቅ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ያው ሠራዊት በዓድዋ ተራሮች ላይ የኢጣልያን ወራሪ ድል አደረገ። ነጻነታችንን ያስጠበቀውና የወላይታን ነጻነት የነጠቀው መሣሪያ አንድ ነው። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መናገር ይከብዳል፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ መናገር ግን እውነትን መግመስ ነው።

ከድሉ በኋላ የሠራዊቱ ደመወዝ ጉዳይ መጣ። ግምጃ ቤቱ የሁሉንም ወታደር ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ መክፈል አይችልም ነበርና ለወታደሩ በገንዘብ ፋንታ ሰው ተሰጠው፤ እንደ ማዕረጉ መጠን ገባር ተመደበለት። ገባሩ እህልና ማር ያገባል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አጥር ያጥራል፣ ሚስቱም እህል ትፈጫለች። በኋላም መሬቱ በቀላድ ተለክቶ ተከፋፈለ። ነፍጡ የተያዘበትን ወጪ የከፈለው ነፍጡ የተነጣጠረበት ሰው ሆነ። አማርኛችንም ነገሩን አልደበቀውም፤ «ጉልት በላ»፣ «ሹመት በላ» እንላለን። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሁምቦ፣ ተበላ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ከአማርኛው ግስ ጋር ይዛመዳል ለማለት አይደለም፤ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮዬ ግን ስሙን በሰማ ቁጥር «ማን ተበላ? ማንስ በላ?» ብሎ ይጠይቀኛል።

ሌላም ቃል አለ። በአማርኛ «ኬላ» ነጋዴው ቆሞ ቀረጥ የሚከፍልበት ቦታ ነው። በወላይታ ግን እንደ አማዶ ኬላ ያሉት ጠላትን ለመመከት በድንጋይ የተካቡ ጥንታዊ አጥሮች ናቸው። መከላከያ አጥርና መቅረጫ በር በአንድ ቃል ሲጠሩ መስማት ለእኔ የዚያን ዘመን ታሪክ በአጭሩ እንደ መስማት ነው።

የገባሩ ሥርዓት በአንድ ቀን አልፈረሰም። በ1930ዎቹ ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች የጉልበት አገልግሎቱን በገንዘብ ግብር ለወጡት፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ደግሞ የባለ ርስትና የጭሰኛን ውል በጠሰ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ስለ ነፍጥ የሚናገረው በፈቃድና በምዝገባ ቋንቋ ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የዚሁ ምስክር ነው።

ታዲያ የወላይታ ታሪክ ከባሕር ማዶ ተሟጋቾች ለየትኛው ይመሰክራል? ለሁለቱም ይመሰክራል ባይ ነኝ። ተቃዋሚው «ነፍጥ ያልነበረው ገባር ሆነ፤ መሣሪያን በዋጋ ከድሃ እጅ ማራቅ ይህን ያመጣል» ሊል ይችላል፤ ነገሩም ሐሰት አይደለም። ደጋፊው «የጠመንጃን ዋጋ ለዘመናት የከፈለው ጠመንጃ ያልያዘው ነው፤ አሁን ሂሳቡ ወደ ባለቤቱ ይመለስ» ሊል ይችላል። እኔ ወደዚህኛው አዘነብላለሁ። የሂሳቡ አቅጣጫ ራሱ ፍትሕ ነውና፤ ነፍጥ የሚያስገብር ሳይሆን የሚገብር ሲሆን ዓለም ትንሽ ትስተካከላለች።

አንድ ፍርሃት ግን አለኝ። ግብር ያለ በላተኛ አይኖርም። ከጠመንጃ ሽያጭ በሚገኝ ቀረጥ የሚተዳደር ማንኛውም በጎ ሥራ፣ ጫካ መጠበቅም ይሁን ቁስለኛ ማከም፣ ውሎ አድሮ የጠመንጃው ገበያ እንዳይቀዘቅዝ መመኘት ይጀምራል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ይከፍላል፣ ግምጃ ቤቱ ይበላል፣ ጠመንጃው ግን ይበዛል። ስለዚህ ሕግ አውጪ «ስንት በመቶ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ሁለቱን የግብር ጫፎች ቢመለከት መልካም ነው። ማን ያገባል? ማንስ በግብሩ ይቀመጣል? የወላይታ ገባር ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አዋጅ ማንበብ አላስፈለገውም፤ መልሱን በየመከሩ ተሸክሞ ወደ ነፍጠኛው ግቢ ይወስድ ነበር።