ሐኪም ሳይጠብቁ ልብን ያስነሡ ነርሶች

እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በድንገተኛ የልብ ሕመም ሆስፒታል የገባ ሰው ሕክምናው በአብዛኛው መተኛት ነበር። ለሥቃዩ ሞርፊን ይሰጠዋል፣ ኦክስጅን ይደረግለታል፣ ለሳምንታት ከአልጋው እንዳይነሣ ይታዘዛል። ከ100 ሕሙማን 30 ያህሉ ከሆስፒታሉ በሕይወት አይወጡም ነበር። በሽተኛው እንዲያርፍ ተብሎ ጸጥታ ወዳለበት ክፍል ስለሚወሰድ፣ ሌሊት ልቡ ቢቆም የሚያየው የለም። መሞቱ የሚታወቀው ነርሷ ጠዋት ሙቀቱን ልትለካ ስትገባ ነው።

የሚያስቆጨው፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ ልባቸው ገና መሥራት የሚችል መሆኑ ነው። የገደላቸው የምት መዛባት ነበር፤ የልብ የታችኛው ክፍል ደም መግፋቱን ትቶ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል። የቦስተኑ ሐኪም ፖል ዞል በ1956 እንዲህ ያለውን ልብ ደረት ሳይከፈት በኤሌክትሪክ መመለስ እንደሚቻል አሳየ። በ1960 ደግሞ በባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ መሐንዲሱ ኮወንሆቨንና ሁለት ባልደረቦቹ ደረትን በእጅ በመጫን ደም ማዘዋወር እንደሚቻል ጻፉ። መፍትሔው ተገኘ ማለት ነው፤ የጠፋው ጊዜ ነበር። እርዳታ በዘገየ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳልና።

በ1961 የኤድንብራው ወጣት ሐኪም ዴዝመንድ ጁሊያን ላንሴት መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ። የልብ ሕሙማን በየክፍሉ መበታተናቸው ቀርቶ አንድ ቦታ ይሰብሰቡ፤ የልብ ምታቸው ሌት ተቀን ይታይ፤ ሲዛባ ደወል ይጮኽ፤ አጠገባቸው የሠለጠነ ሰው ይኑር። ዛሬ ሲሰሙት ይህን ማን ያጣዋል ያሰኛል፤ ያኔ ግን ያሰበው ጥቂት ሰው ነው። በ1962 ጁሊያን ራሱ በሲድኒ፣ ሂዩዝ ዴይ ደግሞ በካንሳስ ሲቲው ቤተኒ ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ክፍሎችን ከፈቱ።

አሠራሩ ይህ ነው። ደረት ላይ ከተለጠፉት ኤሌክትሮዶች የሚነሣው ምልክት በሽቦ አልፎ ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ካለው ስክሪን ይደርሳል፤ አንዲት ነርስ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ የብዙ ሰዎችን ልብ ታያለች። ነገር ግን መሣሪያው ይሳሳታል። በሽተኛው ጥርሱን ሲቦርሽ አደገኛ የምት መዛባት የሚመስል መስመር ይሥላል፤ ኤሌክትሮዱ ከተላቀቀም ልብ የቆመ ያስመስላል። እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይ ዓይን ያስፈልጋል።

ዓይኑ ብቻውንም አይበቃም። በዚያ ዘመን የልብ ምትን መስመር (ኢሲጂ) ማንበብ የሐኪም ሥራ ነበር፤ ኤሌክትሪክ መስጠትማ ለነርስ የማይታሰብ ነበር። ነርሷ አይታ፣ ስልክ ደውላ፣ ሐኪሙ ከእንቅልፉ ተነሥቶ እስኪመጣ ድረስ ሰውየው አልቆለታል። የፊላዴልፊያው ሎውረንስ ሜልትዘር በፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል ያፈረሰው ይህንን አጥር ነው። ነርሶቹ የምት ዓይነቶችን እንዲለዩ አሠለጠነ፤ ሐኪም ከሌለ ልብን በኤሌክትሪክ የሚመልሰውን መሣሪያ፣ ዲፊብሪሌተሩን፣ ራሳቸው እንዲጠቀሙም ሥልጣን ሰጣቸው። ከነርስ ሮዝ ፒኒዮና ከሐኪሙ ኪችል ጋር ለነርሶች ያዘጋጁት መማሪያ በ1965 ታተመ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከስክሪኑ ይልቅ ታሪክ የሠራው ይህ ፈቃድ ነው።

ክፍሎቹ ሲስፋፉ በሆስፒታል የሚሞቱት የልብ ሕሙማን ቁጥር ወደ ግማሽ ወረደ። የልባቸው ጡንቻ ክፉኛ ተጎድቶ ደም መግፋት ላቃታቸው ግን ብዙም አልፈየደም፤ ለእነሱ ሌላ ሕክምና እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ።

ዛሬ ችግሩ ተገልብጧል። ደወሉ በየደቂቃው ስለሚጮኽ ጆሮ ይለምደዋል። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን ከጥር 2009 እስከ ሰኔ 2012 ከማንቂያ ደወል ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች ሪፖርት ተደርገውለታል፤ 80ዎቹ በሞት የተደመደሙ ናቸው። ስለዚህ ዘመድ የምታስታምሙ ሁሉ፣ ሞኒተሩ ሲጮኽ ረበሸን ብላችሁ አታጥፉት፤ ነርሷን ጥሩ።