የዩኒቨርሲቲ ግቢ መኪና ማቆሚያ

የዩኒቨርሲቲ ግቢ መኪና ማቆሚያ (በተለምዶ የካምፓስ ፓርኪንግ) ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ሠራተኞችና እንግዶች መኪናቸውን የሚያቆሙበት በዩኒቨርሲቲው የሚተዳደር ቦታ ነው። ቃሉ ቦታውን ለማከፋፈል የተዘረጋውን የፈቃድ፣ የክፍያና የቅጣት ሥርዓትም ይጨምራል። ጉዳዩ በብዙ አገሮች ቢኖርም አብዝቶ የሚያወዛግበው በአሜሪካ ነው፤ እዚያ አብዛኛው ተማሪ ከግቢ ውጭ ይኖራል፣ ብዙ ከተሞችም ያለ መኪና አይመቹም።

አመጣጥ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮች የትምህርት ወጪ መሸፈን ሲጀምር የተማሪው ቁጥር በፍጥነት አደገ። በዚያው ዘመን ሕዝቡ ወደ ከተማ ዳርቻ ሰፈሮች ይወጣ፣ መኪናም ይገዛ ነበር። ለእግረኛ የታቀዱት አሮጌ ግቢዎች በአንድ ትውልድ ውስጥ በመኪና ተሞሉ።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበረው ክላርክ ኬር እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው ስለ ዩኒቨርሲቲ ምንነት በጻፈው መጽሐፉ የዘመኑን ፕሮፌሰሮች አንድ ላይ የሚያቆያቸው በመኪና ማቆሚያ ላይ ያላቸው የጋራ ቅሬታ ነው እስከማለት ቀልዷል። ቀልዱ እስከ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች ዘንድ ይነገራል። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የበርክሊ ግቢ የኖቤል ሽልማት ላገኙ መምህራን ብቻ የተለየ፣ ምልክት የተተከለበት ማቆሚያ አለ። ከሽልማቱ ይልቅ ማቆሚያው ይበልጣል የሚለው ቀልድም ከተሸላሚዎቹ አፍ አይጠፋም።

የፈቃድ አሠራር

ግቢው በቀለም ወይም በፊደል በተለዩ ቀጠናዎች ይከፈላል። ከመማሪያ ሕንፃዎቹ አጠገብ ያለው ቀጠና ለመምህራንና ለሠራተኞች ይሰጣል ወይም በውድ ይሸጣል፤ ራቅ ያለው ለተማሪ ይተዋል። ተማሪው በሴሚስተር ወይም በዓመት ከፍሎ ፈቃድ ይገዛል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለምሳሌ ስታንፎርድ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መኪና ይዞ እንዳይመጣ ይከለክላሉ።

ፈቃዱ ግን የተወሰነ ቦታ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ቦታ የመፈለግ መብት ነው። ተማሪዎች «የአደን ፈቃድ» የሚሉት ለዚህ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ስለማይመጣ ዩኒቨርሲቲው ካለው ቦታ በላይ ፈቃድ ይሸጣል። አየር መንገዶች ከወንበር በላይ ቲኬት የሚሸጡት በዚሁ ስሌት ነው፤ ልዩነቱ አየር መንገድ ወንበር ላጣ መንገደኛ ካሳ መክፈሉ ነው። ስሌቱ ማታና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይሠራል። ሴሚስተሩ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ረፋድ ላይ፣ ብዙ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ሲጀምሩ ግን አይሠራም። ያን ጊዜ ፈቃድ የገዛ ተማሪ ከረድፍ ረድፍ ሲዞር ክፍሉ ያልፈዋል።

ወጪው

መኪና ማቆሚያ ርካሽ ነገር ይመስላል፤ አስፋልትና ነጭ ቀለም ብቻ ይታያልና። አንድ መኪና የሚቆምበት ሳጥን ከ12 እስከ 13 ካሬ ሜትር ነው። መግቢያ መውጫው ሲጨመር ግን ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ስለዚህ አንድ ሄክታር የሚይዘው ከ330 እስከ 400 መኪና ነው። መሬት ሲያልቅ ባለ ፎቅ ማቆሚያ ይሠራል፤ ይህም በአሜሪካ ለአንድ መኪና ቦታ ብዙ ጊዜ ከ20,000 ዶላር በላይ ያስወጣል። በምሳሌ ለማየት፣ 25,000 ዶላር የወጣበት አንድ ቦታ በ30 ዓመት ቢከፈል ያለ ወለድ በዓመት ከ830 ዶላር በላይ ነው። ወለዱ፣ መብራቱ፣ ጥገናውና ጥበቃው ገና አልተቆጠረም።

በብዙ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ የመኪና ማቆሚያ ክፍል ራሱን በራሱ እንዲችል ይጠበቃል፤ ከትምህርት በጀት አይደጎምም። ዕዳው የሚከፈለው ከፈቃድ፣ ከሰዓት ክፍያና ከቅጣት ነው። አዲስ ላቦራቶሪ የሚሠራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአሮጌው ክፍት ማቆሚያ ላይ ነው። ርካሹ ቦታ ይጠፋል፣ ምትኩ በውድ በፎቅ ይሠራል፣ ወጪውም ለሁሉም ፈቃድ ገዢ ይከፋፈላል። በግቢው ጫፍ ጠጠር ላይ የሚያቆመው ተማሪ መሐል ግቢ ላለው ፎቅ ጭምር ይከፍላል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ብዙ የጻፈው በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ዶናልድ ሾፕ (1938–2025 እ.ኤ.አ.) ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ነፃ የሚባል ማቆሚያ እንደሌለ፣ ባለመኪናው ያልከፈለውን ሌላው፣ በእግሩ የሚሄደው ሳይቀር፣ እንደሚከፍለው ተከራክሯል። ለመንገድ ዳር ማቆሚያ ያቀረበው ሐሳብ ዋጋው ሁልጊዜ 15 በመቶ ያህል ቦታ ባዶ እንዲተው ሆኖ ይተመን የሚል ነው። ሐሳቡ መዞርን ያስቀራል፤ ነገር ግን በግቢ ውስጥ መጀመሪያ የሚገፋው ኪሱ የሳሳውን ተማሪ መሆኑን ተቃዋሚዎች ያነሳሉ።

ማቆሚያውን ለግል ድርጅት ያከራየም አለ። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ማቆሚያዎቹን ለ50 ዓመት በ483 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ የአውስትራሊያ የኢንቨስትመንት ድርጅት ሰጠ። ውሉ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ዋጋ በዓመት እስከ 5.5 በመቶ እንዲጨምር ይፈቅድ ነበር። ይህ ትንሽ ቢመስልም በአሥር ዓመት ተደራርቦ ከ70 በመቶ በላይ ይሆናል።

ቅጣትና ቁጥጥር

ያለ ፈቃድ ወይም ከቀጠና ውጭ ያቆመ ትኬት ይቆረጥበታል፤ ሲደጋገም ጎማው ይቆለፋል ወይም መኪናው ይጎተታል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያልተከፈለ ቅጣት በተማሪው መዝገብ ላይ ዕገዳ ያስከትላል፤ ተማሪው ሳይከፍል ለሚቀጥለው ሴሚስተር መመዝገብ አይችልም። ጥቂት ግቢዎች በዓመት አንድ ጊዜ በቅጣት ምትክ የታሸገ ምግብ ተቀብለው ለችግረኞች ይሰጣሉ።

በመስታወት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት በብዙ ቦታ በታርጋ ተተክቷል። ካሜራ የተገጠመለት መኪና በረድፎቹ መካከል እያለፈ ታርጋዎቹን ያነባል፣ ከዳታቤዙ ጋር ያመሳክራል። ከዚህ የመጣ እንግዳ ደንብ አለ፦ የፊት ታርጋ በማያስፈልግባቸው ክፍለ ግዛቶች ያሉ ብዙ ግቢዎች ካሜራው የኋላውን ታርጋ እንዲያነብ በኋላ ማርሽ ገብቶ ማቆምን ይከለክላሉ። ከፍሎ የቆመም በዚህ ይቀጣል። ክፍያው በስልክ መተግበሪያ ሲሆን የግል መረጃ ጉዳይ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ፓርክሞባይል ከተባለው መተግበሪያ የ21 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች መረጃ፣ የታርጋ ቁጥርን ጨምሮ፣ ተሰርቋል።

ተመላላሽ ተማሪዎች

ጫናው የሚከብደው ከሥራ ወደ ትምህርት በሚመላለሱት ላይ ነው። ማደሪያ የሌላቸው የማኅበረሰብ ኮሌጆች ተማሪዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት አካባቢ ያሉት የሰሜን ቨርጂኒያ ማኅበረሰብ ኮሌጅና የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የዚህ ዓይነት ናቸው። ቀን ሠርቶ ማታ ለሚማር ሰው አውቶቡስ ርካሽ ቢሆንም፣ ከሥራ ቦታ ወደ ኮሌጅ ሁለት ጊዜ መቀያየር ካስፈለገው ክፍሉ ላይደርስ ይችላል።

አማራጮች

የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ (ሲያትል) እ.ኤ.አ. በ1991 የማቆሚያውን ዋጋ ከፍ አድርጎ «ዩ-ፓስ» የተባለ የጋራ የአውቶቡስ ካርድ ጀመረ። ግቢው እያደገ ሳለ የሚገባው የመኪና ቁጥር ከ1990 ደረጃ በታች ቆይቷል። ያግዘው ዘንድ ቀላል ባቡሩ በ2016 ግቢው ድረስ ደርሷል። ስታንፎርድ እ.ኤ.አ. በ2000 ከሳንታ ክላራ ካውንቲ ባገኘው የግንባታ ፈቃድ መሠረት በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የመኪና ጉዞ ሳይጨምር እንዲያድግ ተገድዷል፤ ነፃ አውቶቡሶቹ «ማርጌሪት» የሚባሉት በቀድሞ ዘመን ጋሪ ትጎትት በነበረች ፈረስ ስም ነው።

በእንግሊዝ የኖቲንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከአሥር በላይ የሠራተኛ ማቆሚያ ያላቸውን ቀጣሪዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ፣ በየቦታው ልክ ያስከፍላል። ገንዘቡ የትራም መስመሮችን ለማስፋፋት ረድቷል፤ በ2015 ከተከፈቱት አንዱ በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ በኩል ያልፋል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው በአብዛኛው በዶርም ስለሚኖር ጉዳዩ የመምህራንና የሠራተኞች ነው፤ ብዙ ሠራተኛም በሰርቪስ ይመላለሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው ተመርቆ የሚከፍለው የምግብ፣ የመኝታና የተወሰነ የትምህርት ወጪ ነበር፤ መኪና ማቆሚያ በዝርዝሩ አልነበረም።