ሞኙ ቡቃያ

አባቶቻችን ጨውን «ለራስሽ ስትይ ጣፍጪ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሻል» ብለዋታል። ወጥ የምታጣፍጠው ጨው ግን ማሳ ውስጥ ስትገባ ክፉ ጠላት ናት። በእኛም አገር በመካከለኛው አዋሽ በመስኖ ይለማ የነበረ መሬት በጨው ተበላሽቶ መተዉ የታወቀ ነው። ከእህልም ወገን ጨውን መቻል እጅግ ከሚሳናቸው አንዱ ሩዝ ሲሆን፤ ይልቁንም ገና ቡቃያ ሳለ ቶሎ ይጎዳል። የሩዝ ቡቃያ ከጨው ጋር የሚያደርገውን ትግል ለመረዳት የተቻለበት ታሪክ ከገበሬ ቃል የተነሣ ስለ ሆነ፤ ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች ሳይጠቅም አይቀርም። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የጃፓን ገበሬዎች በማሳቸው መካከል አንዳንዱ የሩዝ ቡቃያ ከጓደኞቹ ተለይቶ፤ ቀጥኖና ገርጥቶ፤ ሽቅብ ሲመዘዝ ያዩ ነበር። ቁመቱን ላየ ሰው ተስፋ የሚሰጥ ቢመስልም፤ ወይ በለጋነቱ ይደርቃል፤ ወይ ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። ስለዚህ «ባካናኤ» አሉት፤ ይኸውም «ሞኝ ቡቃያ» ማለት ነው። ሊቃውንት ይህን የገበሬ ስም ንቀው አልተዉትም። በ1898 ዓ.ም. ሆሪ የተባለው ጃፓናዊ የበሽታው ምክንያት ሻጋታ መሆኑን አስረዳ። በ1926 ዓ.ም. ደግሞ በዚያን ጊዜ በጃፓን ግዛት ሥር በነበረችው በታይዋን በመንግሥት የእርሻ ምርመራ ሥራ ላይ የነበረው ኩሮሳዋ፤ ሻጋታውን በፈሳሽ ውስጥ አሳድጎ፤ ፈሳሹን አጥልሎ ሻጋታውን ካስወገደ በኋላ ለጤነኛ ቡቃያ ቢሰጠው፤ ጤነኛውም እንደ ሞኙ ተመዘዘ። ከዚህም የተነሣ ቡቃያውን የሚያስረዝመው ሻጋታው የሚያመነጨው ቅመም እንደ ሆነ ታወቀ። በ1935 ዓ.ም. ያቡታ የተባለው ሊቅ ቅመሙን «ጂበሬሊን» ብሎ ሰየመው፤ በ1938 ዓ.ም. ከሱሚኪ ጋር ሆኖ አንጥሮ አወጣው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1958 ዓ.ም. ይኸው ቅመም ሻጋታ ባልነካው በባቄላ ወገን ዘር ውስጥ ተገኘ። እንግዲህ ጂበሬሊን ተክል ራሱ እየመጠነ የሚሠራው የእድገት መልእክተኛ ኖሯል። ሞኙን ቡቃያ ያስረዘመው ለሕይወቱ የሚያስፈልገው ነገር ከልክ ማለፉ ነበር። እንዲህ ያሉትን፤ በጥቂቱ ተልከው ብዙ የሚያሠሩ መልእክተኞች፤ ሊቃውንት «ሆርሞን» ይሏቸዋል።

የሚያስቸኩል መልእክተኛ ካለ የሚገታም መኖር አለበትና፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ተገኘ። በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ አዲኮትና ባልደረቦቹ የጥጥ ፍሬ ያለ ጊዜው ለምን እንደሚረግፍ ሲመረምሩ፤ በብሪታንያ ደግሞ ዌሪንግና ጓደኞቹ የዛፍ እንቡጥ በብርድ ወራት ለምን እንደሚያንቀላፋ ሲመረምሩ፤ ሁለቱም ወገኖች የደረሱት በአንድ ቅመም ላይ ሆነ። ስሙም «አብሲሲክ አሲድ» ተባለ።

ጨው ቡቃያን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፤ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ውኃ ስለሚይዝበት ቡቃያው ውኃ መካከል ቆሞ ይጠማል። ሁለተኛ፤ ሶዲየም የተባለው የጨው ክፍል ወደ ቅጠሉ ወጥቶ ሲጠራቀም ቅጠሉን ያቃጥለዋል። በዚህ ጊዜ በቡቃያው ውስጥ አብሲሲክ አሲድ ይበዛል፤ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች አዘግቶም ውኃ እንዳይባክን ያደርጋል። የእድገቱም ፍጥነት ይቀንሳል። በ2006 ዓ.ም. የታተመ አንድ ምርመራ፤ የሰናፍጭ ዘመድ በሆነች ትንሽ ተክል ላይ ተደርጎ፤ ጨው ሲያገኛት እድገቷን መግታት የምትችለው ተክል መግታት ከተሳናት ይልቅ በሕይወት መቆየት እንደምትችል አሳየ።

ክቡራን አንባብያን፤ ሊቃውንቱ ይህን ከማወቃቸው አስቀድሞ ግን በደቡብ ሕንድ በኬራላ ባሕር ዳርቻ ያሉ ገበሬዎች «ፖካሊ» የተባለውን ጨው ቻይ ሩዝ ሲዘሩ ኖረዋል። አሠራራቸው እንዲህ ነው። ከዝናብ በፊት ጭቃውን በጉብታ በጉብታ ይከምሩታል፤ የክረምቱም ዝናብ ጨዉን ከጉብታው አጥቦ ያወርደዋል። ከዚያ በኋላ የበቀለውን ዘር በጉብታው ራስ ላይ ይዘራሉ። ቡቃያው ጠንከር ሲል ጉብታውን ንደው ቡቃያውን ከነአፈሩ በማሳው ይበትኑታል። እህሉ ከታጨደ በኋላ የባሕሩ ውኃ ተመልሶ ይገባና በዚያው ማሳ ሽሪምፕ ይረባበታል። ቡቃያ በለጋነቱ ከጨው መጠበቅ እንዳለበት ያለ መሣሪያ ያወቁ ሰዎች ናቸው።

የኋላ ዘመን ምርመራም የገበሬዎቹን ምርጫ አጸደቀ። በ2005 ዓ.ም. የቻይና ሊቃውንት «ኖና ቦክራ» በተባለው ሌላ የሕንድ ሩዝ ውስጥ፤ ሶዲየምን ወደ ቅጠል ከሚወጣው ውኃ መልሶ የሚያስቀር የውርስ ቅንጣት አገኙ። ከፖካሊም የተወሰደው የዘር ክፍል በማዳቀል ወደ ሌሎች የሩዝ ዓይነቶች እንዲገባ ተደርጓል። የሚገታውንም ቅመም በጥቂቱ ለሩዝ ቡቃያ በመስጠት የጨው ጉዳት የቀነሰባቸው ሙከራዎች አሉ። ይሁን እንጂ ማሳውን በንጹሕ ውኃ ማጠብንና ጨዋማውን ውኃ በቦይ ማስወገድን የሚተካ ቅመም የለም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ፈጥኖ መርዘም ብቻውን እድገት አይደለም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ራሱን የሚገታ ቡቃያ ለመከር ይደርሳል። ሁለተኛውም ለእኛ ለባለ ቢሮዎች የሚገባ ነው። ገበሬ ቡቃያውን «ሞኝ» ባለ ጊዜ፤ ነገሩን ተረት ነው ብሎ ያልጣለ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለዓለም ዕውቀት በር ከፈተ። እንግዲህ ከገጠር የመጣ ባለ ጉዳይ በገዛ ቋንቋው ስለ መሬቱ ሲነግረን፤ ቃሉን ሳናሳጥር እንጻፍለት።