የመጋመሻ ጊዜ፦ ወንዝ የገባ ፀረ-ተባይ ስንት ይቆያል?

ከማሳ በዝናብ ታጥቦ ወንዝ የገባ ፀረ-ተባይ መድኃኒት እንደነበረ አይቀመጥም። ውኃው ራሱ ሞለኪውሉን ይሰነጥቀዋል፤ የፀሐይ ብርሃን ይሰባብረዋል፤ ባክቴሪያዎችም ይመገቡታል። የኬሚስትሪ ሰዎች የዚህን ፍጥነት የሚገልጹት «ሃፍ-ላይፍ» በሚሉት መለኪያ ነው። እኛ «የመጋመሻ ጊዜ» ብለነዋል፦ ካለው መጠን እኩሌታው እስኪፈርስ የሚወስደው ጊዜ። «ግማሽ ዕድሜ» የሚሉትም አሉ፤ ይህ ግን ያንኑ ያህል ጊዜ ሲደገም ሁሉም የሚያልቅ ያስመስላል። አያልቅም። የተረፈው እንደገና ይጋመሳል፤ ሦስት ጊዜ ከተጋመሰ በኋላም ከስምንት አንዱ እጅ ውኃው ውስጥ ነው።

ቁጥሩ እንደ ውኃው ይለያያል። ገበሬዎቻችን እህል ከነቀዝ ለመጠበቅ የሚያውቁት ማላታዮን በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤች 5 በሆነ አሲዳማ ውኃ ውስጥ ለመጋመስ 107 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ፒኤች 7 ሲሆን 6 ቀን፣ ፒኤች 9 ሲሆን 12 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ የውኃው ዓይነት ሳይነገር «ቶሎ ይፈርሳል» የሚል ማረጋገጫ ሊያዘናጋን አይገባም።

በ1971 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከኦሃዮው ሊትል ማያሚ ወንዝ የተቀዳ ውኃ በመስታወት ዕቃ አድርጎ 28 መድኃኒቶችን ለ8 ሳምንት ተከታትሎ ነበር። ማላታዮን በ4ኛው ሳምንት ጠፍቷል። ዲዲቲና ዲልድሪን ግን እስከ መጨረሻው ምንም አልጎደሉም።

በእውነተኛ ወንዝ ዲዲቲ የቀነሰ ቢመስል እንኳ ፈርሷል ማለት አይደለም፤ ከደለል ጋር ተጣብቆ ወደ ታች ይሰፍራል፣ ከዚያም ወደ ዓሣ ይሻገራል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ መፍረስ ራሱ ሁልጊዜ መዳን አለመሆኑ ነው። አልድሪን የተባለው ፀረ-ተባይ ሲለወጥ ዲልድሪን ይሆናል፤ ማለትም ከእርሱ የበለጠ የሚቆይ መርዝ። ዲዲቲ ከሚለወጥባቸው አንዱ፣ ለረጅም ጊዜ የማይፈርሰው ዲዲኢ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዓሦች ውስጥ ተገኝቷል። ማላታዮንም በከፊል ማላኦክሰን ወደተባለ፣ ከራሱ ይበልጥ መርዛማ ወደሆነ ነገር ሊለወጥ ይችላል። የወንዝ ውኃ ሲመረመር ታዲያ የተረጨውን መድኃኒት ብቻ መፈለግ አይበቃም፤ ከእርሱ የሚወጡትም አብረው መለካት አለባቸው።