የገቢው ወለል ወይስ የክፍያው ወለል?

የተማሪ ዕዳ በገቢ መጠን ይከፈል የሚለው ሐሳብ ትናንት የተወለደ አይደለም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ተማሪው ለትምህርቱ የወሰደውን ገንዘብ ወደፊት ከሚያገኘው ገቢ የተወሰነ መቶኛ እየከፈለ እንዲመልስ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ዬል ዩኒቨርሲቲ በ1971 ሞከረው። ይሁንና ተበዳሪዎቹ በቡድን ስለተሳሰሩ የማይከፍለው ሰው ሸክም በከፋዩ ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ ዕቅዱም በ1978 አዲስ ተበዳሪ መቀበል አቆመ።

ሐሳቡን በአገር ደረጃ ሥራ ላይ ያዋለችው አውስትራሊያ ናት። ብሩስ ቻፕማን በተባለው ምሁር ንድፍ መሠረት በ1989 ለእያንዳንዱ ተማሪ በዓመት 1,800 የአውስትራሊያ ዶላር ተመደበበት። ክፍያው የሚጀምረው ግን የተመራቂው ዓመታዊ ገቢ 22,000 ዶላር ሲደርስ ብቻ ነበር። ሰብሳቢው የግብር መሥሪያ ቤቱ በመሆኑ የሰውየው ገቢ ሲወድቅ ክፍያውም አብሮ ይቆማል።

አሜሪካ የሄደችበት መንገድ ጠመዝማዛ ነው። በገቢ የሚወሰን ክፍያ በ1993 በሕግ ተፈቀደ፤ በ2009 ሥራ ላይ የዋለው ዕቅድ ደግሞ ከድህነት መስመሩ 150 በመቶ በላይ ካለው ገቢ 15 በመቶውን ጠየቀ፤ ከ25 ዓመት በኋላ የሚተርፈውም ዕዳ እንዲሰረዝ ደነገገ። ዕቅድ በዕቅድ ላይ ተደራረበ፤ በ2023 የመጣውን በ2024 ፍርድ ቤት አገደው። ተበዳሪው በየዓመቱ ገቢውን በወረቀት ሲያስመሰክር የኖረው ሥርዓቱ ከግብር ሰብሳቢው ጋር ስላልተዋሐደ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምግብና ማደሪያ ጭምር በነጻ ይሰጥ የነበረበት ዘመን በ1995 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 አከተመ። ተማሪው የምግቡንና የማደሪያውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪም ቢያንስ 15 በመቶ እንዲጋራ ተደነገገ። አርአያው የአውስትራሊያው ሥርዓት ነበር፤ ቻፕማን ራሱ ስለ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ፋይናንስ ጥናት ጽፏል።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ አውስትራሊያ ወለል ያበጀችው ለገቢው ነው፤ እኛ ያበጀነው ለክፍያው ነው። ደንቡ ተመራቂው ከወር ገቢው ከ10 በመቶ የማያንስ እንዲከፍል ሲያዝዝ፣ ከዚህ በታች ያገኘ አይከፍልም የሚል የገቢ መነሻ አላስቀመጠም። ክፍያው ከደመወዝ የሚቆረጥ በመሆኑም ገቢው በደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ የሚታየው መምህርና የቢሮ ሠራተኛ ቀድሞ ይያዛል፤ ገቢው ከመዝገብ ውጭ የሆነው ነጋዴ ግን በቀላሉ ያመልጣል። የትምህርት ማስረጃን መያዝ የመጨረሻው ማስገደጃ የሆነውም ሥርዓቱ ገቢን ማየት ስለተሳነው ነው።

ስለዚህ ክርክራችን «ተማሪ ይክፈል ወይስ አይክፈል» በሚለው ላይ ብቻ ሊቆም አይገባም። ከኑሮ ወጪ ጋር የሚስተካከል የገቢ ወለልና የሁሉንም ገቢ የሚያይ የግብር ሥርዓት በሌሉበት፣ በገቢ መጠን መክፈል ማለት ከሚታየው ደመወዝተኛ ብቻ መውሰድ ማለት ይሆናል።